«ሞጁሉ ተበላሽቷል» ከመባሉ በፊት፦ የሃይብሪድ መኪና የኤሌክትሪክ ሞተር መቆጣጠሪያ እንዴት ይመረመራል?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንገዶች ላይ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም በሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ፣ በፕሪየስ፣ እንጀራችሁን የምታገኙ ናችሁ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ መኪናው እምቢ ሲል የምትሮጡባቸው መካኒኮች ናቸው። ዛሬ የማወራው ለሁለታችሁም ነው። ሾፌሩ ምን መጠየቅ እንዳለበት ካወቀ፣ መካኒኩም ምን ማሳየት እንዳለበት ካወቀ፣ በመሀል የሚባክነው ገንዘብ ይቀንሳል።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ይበራል። መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ወይም ጭራሽ «ሬዲ» (ለመሄድ ዝግጁ) አይልም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ሲሰካ ፒ0ኤ1ኤ ወይም ፒ0ኤ1ቢ የሚል ኮድ ይወጣል። የመጀመሪያው የጄኔሬተሩን መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ ማለትም የሚያዘውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ ይጠቅሳል። ሁለተኛው የመንጃውን ሞተር መቆጣጠሪያ ሞጁል ይጠቅሳል። ወዲያው «ኢንቨርተሩ ሄዷል»፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚቀይረው ሳጥን ተበላሽቷል፣ ይባልና በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሒሳብ ይጠራል።

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ሄዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይረጋገጥ መባሉ ነው። በኮድ ብቻ ኢንቨርተር የሚቀይር ሰው የሌላውን ሰው ገንዘብ በግምት እያወጣ ነው። የሳምንት ገቢው በዚያች መኪና ላይ ለተንጠለጠለ አባወራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ፕሪየስ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት። ኤምጂ1 እና ኤምጂ2 ይባላሉ። ኤምጂ1 በዋናነት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ የቤንዚኑን ሞተርም እሱ ነው የሚያስነሳው። ኤምጂ2 ጎማውን ይነዳል። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። ትልቁ ባትሪ በስም 201.6 ቮልት ነው። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ቡስት ኮንቨርተር ይህን ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ባለው ሞዴል እስከ 500 ቮልት ያደርሰዋል፣ ከ2010 ጀምሮ በመጣው ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ እስከ 650 ቮልት። ከዚያ አይጂቢቲ የሚባሉ፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩ ትራንዚስተሮች በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተከፈቱና እየተዘጉ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት ገመድ ወደሚሄድ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይቀይሩታል።

የትኛው ትራንዚስተር መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ ብሎ የሚያዘው ነው ዛሬ የምናወራለት ሞጁል። በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ እዚያው የኢንቨርተሩ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቦርድ ነው። እሱ ተበላሸ ከተባለ በአምራቹ አሠራር የሚቀየረው ኢንቨርተሩ ከነሳጥኑ ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ኪሳራው ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ኮምፒውተር ራሱ መታመሙን በምን ያውቃል?

መኪናውን ስታስነሱ ሞጁሉ በመጀመሪያ የራሱን ማስታወሻ ይፈትሻል። ፕሮግራሙን ያነብና ድምሩን ያሰላል። ድምሩ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ ኮድ ይጥላል። ይህ ፍተሻ ከውጭ ሽቦ ጋር ብዙም አይነካካም። በትክክለኛ ቮልቴጅ ላይ እያለ በተደጋጋሚ ከመጣ በእርግጥ ሞጁሉን ልትጠረጥሩት ትችላላችሁ።

ሌሎቹ ፍተሻዎች ግን እንዲህ ንጹሕ አይደሉም። ዋናው ፕሮሰሰር እየሠራ መሆኑን የሚከታተል ጠባቂ ሰርኪት አለ። ፕሮሰሰሩ በየቅጽበቱ ምልክት ካልላከለት ጠባቂው «ቆሟል» ብሎ ይመዘግባል። ታዲያ ፕሮሰሰሩ የቆመው 12 ቮልቱ ለቅጽበት ስለወደቀ ቢሆንስ? ኮዱ ያው «የውስጥ ችግር» ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። የሞተሩን አቋም የሚነግረው ሬዞልቨር የሚባለው ሴንሰር ነው። የሚልከውን የሞገድ ምልክት ወደ ቁጥር የሚተረጉም ቺፕ ሞጁሉ ውስጥ ተቀምጧል። የሬዞልቨሩ ሽቦ ቆስሎ ቦዲ (የመኪናውን ብረት) ከነካ፣ ወይም ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ከገባ፣ ቺፑ የማይሆን ቁጥር ያወጣል። ለሴንሰሮቹ የሚታደለው 5 ቮልትም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሴንሰር ሾርት ካደረገ ቮልቱ በሙሉ ይወርዳል፣ የሞጁሉ የራሱ መለኪያም ይዛባል።

ሞጁሉ የሚያየው በፒኖቹ በኩል የሚገባውን ብቻ ነው። ከሳጥኑ ውጭ ያለውን የመጠየቅ ሥራ የእኛ ነው።

ወደ አመራመሩ ከመግባቴ በፊት በአንድ ነገር ላይ ኮስተር እላለሁ። 650 ቮልት ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ ገመድ ባያችሁበት ቦታ ሁሉ እጃችሁን ሰብስቡ። መኪናው ይጥፋ፣ ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ፣ የ12 ቮልቱ ኔጋቲቭ ይፈታ፣ 1000 ቮልት የሚችል ያልተቀደደ የጎማ ጓንት ይጠለቅ፣ ከዚያ ትልቁን ባትሪ የሚያቋርጠው ሰርቪስ ፕለግ ይነቀል። ነቅላችሁም 10 ደቂቃ ጠብቁ። ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ አቆይተው ይይዛሉ። ክዳኑ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚደረገው ነገር ለዚያ ቮልቴጅ በተሠራ ቴስተር 0 ቮልት መሆኑን ማየት ነው። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልጁ ጎበዝም ቢሆን ውጡ።

ኮዱን የማጥፋት ልማድ አለ። «እስቲ አጥፍተን እንየው» ይባላል። እባካችሁ ሳትመዘግቡ አታጥፉ። ኮዱ በወደቀባት ቅጽበት መኪናው የነበረበትን ሁኔታ ኮምፒውተሩ ፎቶ ያነሳዋል፣ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። የኢንቨርተሩ ሙቀት ስንት ነበር? ሞተሮቹ በስንት ይሽከረከሩ ነበር? ቮልቴጁስ? መልሱ ሁሉ እዚያ ነው። ኮዱን ስታጠፉ አብሮ ይጠፋል። ባትሪ ስትፈቱም ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ፍቱ።

ቶዮታ ከዋናው ኮድ ሥር ባለ ሦስት አሃዝ ንዑስ ኮድ ያስቀምጣል። ወሬው ያለው እዚያ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ፒ0ኤኤ6 የሚለው ኮድ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ቦዲ እያፈሰሰ ነው ይላል። የት ነው የሚያፈሰው? ንዑስ ኮዱ 611 ከሆነ ወደ ኤሲ ኮምፕረሰሩ ይጠቁማል። 612 ወደ ትልቁ ባትሪ አካባቢ፣ 613 ወደ ካምቢዮው ማለትም ሞተሮቹ ወዳሉበት፣ 614 ወደ ከፍተኛ ቮልቴጁ የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ይጠቁማል። 526 ብቻ ከሆነ ማፍሰሱ ታውቋል፣ ቦታው ግን ገና አልተለየም። አያችሁ ልዩነቱን? ፒ0ኤ1ኤ እና ፒ0ኤ1ቢ ሥርም እንዲሁ ብዙ ንዑስ ኮዶች አሉ። አንዱ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ አንዱ ወደ ሬዞልቨሩ ቺፕ፣ አንዱ ወደ ኃይል አቅርቦቱ ይወስዳል። በሃያ ዶላር የሚገዛው ኮድ ማንበቢያ ይህን አያሳይም። ስለዚህ ሾፌሮች፣ መካኒካችሁን «ንዑስ ኮዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ምርመራው ገና አልተጀመረም።

ብዙ ኮድ በአንዴ ሲወጣም አትደንግጡ። ሲ1259 እና ሲ1310 የሚባሉት ከፍሬኑ ኮምፒውተር የሚመጡ ናቸው። «ሃይብሪዱ ችግር አለበት ብሎ ነግሮኛል» ከማለት ያለፈ አዲስ ነገር አይዙም። እነሱን ይዞ ፍሬን መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ትንሿ ባትሪ እሄዳለሁ። አዎ፣ ወደ 12 ቮልቷ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ከኋላ ጥግ ተደብቃ ስለምትቀመጥ ትረሳለች። የሃይብሪዱ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚነሱት ግን በእሷ ነው። ያረፈች ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ታሳያለች። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ጭነት ሲመጣባት የምትወድቅ ባትሪ በእረፍት ጊዜ ጤነኛ ትመስላለች። በባትሪ መፈተሻ ጫኗት። ከዚያ የሞጁሉን ኔጋቲቭ ሽቦ መኪናው በርቶ ሳለ ለኩ። ከሞጁሉ ፒን እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚበልጥ ካሳየ መንገዱ ላይ ዝገት ወይም የላላ ቡሎን አለ። ሽቦውን ፈትቶ በኦም መለካት እዚህ ጋ ያታልላል። አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦም በኦም ጤነኛ ትመስላለች፣ ኃይል ሲያልፍባት ግን ትወድቃለች።

ሶኬቶቹንም በዓይን ተመልከቱ። አረንጓዴ ዝገት፣ ወደ ኋላ የተገፋ ፒን፣ አይጥ የበላው ሽቦ ፈልጉ። ሰርቪስ ፕለጉን ነቅሎ የመለሰ ሰው ካለ ደግሞ እጀታው እስከ መጨረሻው ተቆልፎ እንደሆነ እዩ። ቦታው ገብቶ ካልተቆለፈ የደህንነት መስመሩ ተቋርጦ ይቀራል። ፒ0ኤ0ዲ የሚል ኮድ ሊመጣ ይችላል፣ መኪናውም «ሬዲ» አይልም። በእንደዚህ ያለ ነገር ጤነኛ ሞጁል ሲወቀስ ማየት ያሳዝናል።

ሬዞልቨሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። እያንዳንዱ ሬዞልቨር ሦስት ጥቅል ሽቦዎች፣ ስድስት ፒኖች አሉት። አንዱ ጥቅል ሞገድ ይቀበላል፣ ሁለቱ የሞተሩን አቋም ይመልሳሉ። ከሞጁሉ በኩል ሶኬቱን ነቅላችሁ ሦስቱንም ለኩ፣ ከመኪናው ማኑዋል ጋር አመሳክሩ። ከቦዲ ጋር እንዳይነካኩ፣ እርስ በርስም እንዳይነካኩ አረጋግጡ። እየለካችሁ ሽቦውን ወዝውዙት። ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩን አገኛችሁት። ፒ0ኤ3ኤፍ የመንጃውን ሞተር፣ ፒ0ኤ4ቢ የጄኔሬተሩን ሬዞልቨር ሰርኪት ይጠቅሳሉ። ከሞጁሉ ኮድ ጋር ተደርበው ከመጡ ከሬዞልቨሩ ጀምሩ።

አሁን ሙቀት። እኔ እንደማየው የኢንቨርተር ዋናው ጠላት እሱ ነው። ኢንቨርተሩ ከቤንዚኑ ሞተር የተለየ የራሱ ኩላንትና የራሱ የኤሌክትሪክ ፖምፕ አለው። «ሬዲ» ላይ ሆናችሁ የኢንቨርተሩን የኩላንት ዕቃ ክፈቱ። ውሃው ሲንቀሳቀስ መታየት አለበት። ጸጥ ካለ ፖምፑ አይሠራም፣ ወይም አየር ይዟል። ፒ0ኤ93 የሚለው ኮድ ስለ ማቀዝቀዣው ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ከሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ብዙ መኪኖችን ለዚህ ፖምፕ ሲል መልሶ ጠርቷል። በርካሽ የሚቀየር ፖምፕ ሳይታይ ቀርቶ አዲስ ኢንቨርተር ከተገጠመ አዲሱም በዚያው ሙቀት ይጠበሳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ሳጥኑ እንቀርባለን። በስካነሩ ላይ ቪኤል እና ቪኤች የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ቪኤል ቡስት ከመደረጉ በፊት ያለው፣ ቪኤች ከተደረገ በኋላ ያለው ቮልቴጅ ነው። «ሬዲ» ላይ ቪኤል ባትሪው ራሱ ከሚያሳየው ቮልቴጅ ጋር መቀራረብ አለበት። የባትሪው ኮምፒውተር 215 እያለ ቪኤል 150 ካለ አንዱ እየዋሸ ነው። መኪናው «ሬዲ» ሳይል ኮምፒውተሮቹ ብቻ በርተው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው ዋናው ሪሌይ ተቋርጦ፣ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ስካነሩ ቪኤች ብዙ ነው ካለ፣ ቴስተሩ ደግሞ 0 ካለ፣ የሞጁሉ የውስጥ መለኪያ ተዛብቷል። ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የታዘዘውን ቶርክ (የሞተሩን የማዞር ጉልበት) እና የተፈጸመውን ቶርክም አነጻጽሩ። ሁለቱ እየተራራቁ ከሄዱ ትእዛዙ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው።

ከዚያ መኪናው ጠፍቶ፣ ቅድም ያልኩት ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ፣ የሞተሮቹን ሦስት ፌዝ ገመዶች ከኢንቨርተሩ ፍቱ። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማለፉን በሚፈትሸው ላይ፣ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ፌዝ ወደ ፖዘቲቩና ወደ ኔጋቲቩ ለኩ፣ ገልብጣችሁም ለኩ። በአንድ በኩል የዳዮድ ንባብ፣ በሌላው በኩል ክፍት (ምንም የማያሳልፍ) መሆን አለበት። ሦስቱም ፌዞች መመሳሰል አለባቸው። አንዱ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ ትራንዚስተሩ ሾርት አድርጓል። እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ኢንቨርተሩ ይቀየራል።

የሞተሩን ጥቅልም በሜገር፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ማፍሰስን በሚፈትሸው መሣሪያ፣ ወደ ቦዲ ለኩ። ኢንቨርተሩ ተያይዞ እያለ ግን በፍጹም ሜገር አታድርጉ፣ ጤነኛውን ትገድላላችሁ። በፌዞቹ መካከል ያለው ኦም ከአንድ በታች፣ በጣም ትንሽ ነው። ተራ ቴስተር አይለየውም፣ ሚሊኦም የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ፍተሻ የማይታለፈው ሾርት ያደረገ ሞተር አዲስ ኢንቨርተር ስለሚያቃጥል ነው።

አስቸጋሪው ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ከሰዓት የሚታመመው መኪና ነው። ቀዝቃዛ ላይ ሁሉም ልኬት ይገጥማል። ዳገት ላይ፣ በበጋ ሙቀት፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይወድቃል። ኃይል አቅርቦቱና ሽቦው ንጹሕ ከሆኑ፣ ፖምፑ ከሠራ፣ ኮዱ ደግሞ ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሙቀት ላይ ከተመለሰ፣ ሞጁሉን ወይም ትራንዚስተሮቹን ማመን እንጀምራለን። ይህን ለማየት ስካነሩን እየቀረጹ መንዳት ያስፈልጋል። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ይይ። ሾፌሮችም ችግሩ መቼ እንደመጣ ጻፉልን። ኤሲ በርቶ ነበር? ዳገት ነበር? ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ ነው? ይህ ማስታወሻ ለእኛ ከወርቅ ይበልጣል።

የሦስተኛው ትውልድ ጉዳይ የተመዘገበ ታሪክ ስላለው ኪሳችሁን የሚነካ ነገር ልንገራችሁ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.9 ሚሊዮን ፕሪየሶችን መልሶ ጠራ። ከነሱ ወደ 700 ሺህ የሚጠጉት አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። ምክንያቱ በከባድ ጭነት ጊዜ የቡስት ኮንቨርተሩ አሠራር በአንዳንድ ትራንዚስተሮች ላይ ከልክ ያለፈ ሙቀት መፍጠሩ ነው። መኪናው ጉልበት ቀንሶ ሊሄድ፣ አልፎ አልፎም እየሄደ ጸጥ ሊል ይችል ነበር። መፍትሔው የሶፍትዌር ለውጥ ነበር። በጥቅምት 2018 ወደ 2.4 ሚሊዮን መኪኖች እንደገና ተጠሩ፣ ምክንያቱም ችግር ሲመጣ መኪናው ወደ ዝቅተኛ ጉልበት መግባት ሲገባው ሊጠፋ ይችል ነበር። በሰኔ 2020 ደግሞ ወደ 752 ሺህ የሚሆኑ ከ2013 ጀምሮ የተሠሩ መኪኖች ተጨመሩ።

ስለዚህ ማንኛውም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለ 17 አሃዙን የሻሲ ቁጥር በአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ያልተሠራ ሪኮል (የአምራቹ መልሶ ጥሪ) ካለ ያሳያችኋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በተለይ ይህን ይይ፣ የሪኮሉ ደብዳቤ የሚሄደው ለቀድሞው ባለቤት ሊሆን ስለሚችል። የሶፍትዌሩን ቁጥር ራሱ ስካነሩ ያነባል። ሪኮሉ ያልተሠራለትን መኪና ኢንቨርተር በሰው ገንዘብ መቀየር በእኔ እይታ በደል ነው።

ሆንዳ ለምትነዱ አጭር ቃል። በ2006ቱ ሲቪክ ሃይብሪድና በእሱ ዘመን በነበሩት የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሞጁል ከኋላ ወንበር ጀርባ ከባትሪው ጋር የተቀመጠ የራሱ ሳጥን ነው። ሲቪኩ 158.4 ቮልት ባትሪ አለው። የምርመራው ቅደም ተከተል ያው ነው። ከኋላ ስለሆነ ግን የአየር ማስገቢያውን ከአቧራና ከተጫነበት ሻንጣ ማጽዳት አትርሱ።

አገር ቤት ላሉ ባልደረቦቻችንም ይሄ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናም ኢንቨርተር አለ፣ የሞተር አቋም ሴንሰር አለ፣ ብርቱካናማ ገመድ አለ፣ ትንሿም 12 ቮልት አለች። እዚህ የተማራችሁትን ለወንድሞቻችሁ በስልክ አስተምሩ።

ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱን መልሼ ላብቃ። አንድ ሾፌር «ከተጋጨ መኪና የወጣ ኢንቨርተር ልግዛ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መግዛት ይቻላል። ግን የክፍሉ ቁጥር ከመኪናችሁ ጋር ይግጠም። የወጣበትን መኪና የሻሲ ቁጥር ጠይቁና ሪኮሉ ተሠርቶለት እንደነበር እዩ። ሳይገጠም በፊት ስድስቱም ፌዞች፣ የኤምጂ1 ሦስቱ፣ የኤምጂ2 ሦስቱ፣ በዳዮድ ይለኩ። የሶኬቶቹ ፒኖች ይታዩ። ሲገጠም በአምራቹ ዓይነት ኩላንት ይሞላና አየሩ በደንብ ይውጣ። ከዚያ ሶፍትዌሩ የመጨረሻው መሆኑ ይታይ፣ ስካነሩ ተሰክቶ ዳገት ይነዳ፣ የኢንቨርተሩ ሙቀትና ቪኤች እየተቀረጹ። መካኒኩ ቅጂውን ከደረሰኙ ጋር ይስጣችሁ፣ ዋስትናውም በጽሑፍ ይሁን።